ቀይ ክር

ነፋሱ ሰው መግደል ከጀመረ ወዲህ ቤት ማለት መኪና ነው። እልፍነሽ እንደ ወትሮዋ በማለዳ ጭምብሏን አጥልቃ ወረደችና የኤሲውን ማጣሪያ አጠበችው። የውጭው አቧራ ወዲያው ለቀቀ። በውስጥ በኩል፣ ቀይ ክር በተሰፋበት ፊት ላይ ያለው ጥቀርሻ ግን ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቅ አላት። እንዲህ ያለው ጥቀርሻ ከታመመ ሳንባ እንጂ ከነፋስ አይመጣም።

ባሏ ይርዳው ከኋላዋ ቆሞ «የማን ይሆን?» አላት።

ከመኪናው ውስጥ የትንሿ ልጃቸው ሳል ተሰማ።

«ዝም በል በቃ» አለችው።

ማጣሪያ በየማለዳው ቀይ ክሩ ወደ መንገድ ዞሮ በር ላይ ይሰቀላል፤ የጠቆረበት ቤተሰብ ከጉዞው ተነጥሎ ከነመኪናው እዚያው በረሃ ላይ ይቀራል፤ ሕጉ ይኸው ነው። እልፍነሽ ገልብጣ ሰቀለችው፤ የታጠበው ነጭ ፊት ወደ መንገድ፣ ክሩ ወደ በሩ። የጉዞው አለቃ ጋሽ ድንበሩ በየበሩ እየፈተሹ እሷ ጋ ደረሱ።

«ነጭ ነው፤ ተመስገን። በይ ግቢ፣ ልንነሳ ነው» አሏት፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ግራ ገብቷት የመኪኖቹን ሰልፍ ቃኘች። ማጣሪያው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ነው። ቀይ ክር ግን በአንዱም በር ላይ አይታይም፤ በጋሽ ድንበሩም በር ላይ።