ከምላስ ስር የምትደረግ ጠብታ

የቀድሞው የክር ፋብሪካ ካቦ እንደማይድን ከተነገረው ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ሳያስመልሰውና ሳይጮህ መሞት። በሽተኞችን እስከ መጨረሻው በሚያስታምሙበት በዚያ ቤት ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አልጠፋም።

«ጠብታዋ ማቅለሽለሹን ታቆምልዎታለች» አለችው ነርሷ ሳትስቅ። «ሽሮፑንም እንዳይተዉት። የሕመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል።»

አስታማሚዋ ግን ሳቂታ ናት። ሾርባውን በግራ እጇ ስታጠጣው ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈስና አብረው ይስቃሉ። የቅንድቡን ጠባሳ ምንነት ብትጠይቀው ሳያፍር አጫወታት። በክር ፋብሪካው ራሱ የሰረቀውን አንድ ሠራተኛ ላይ ለጠፈ፤ ሰውየው እስር ቤት ገብቶ እዚያው ሞተ። የሟቹ ትንሽ ልጅ ፋብሪካው በር ላይ መጥታ ጮኸች። ዘበኛው ቀኝ እጇን ጨምድዶ ሲጎትታት ድንጋይ ወርውራ ካቦውን ፈነከተችው።

አስታማሚዋ አፉን በፎጣ ጠረገችለት።

«ነርሷ እዚያ ፋብሪካ አጠገብ ነው ያደግኩት ስትል ሰምቻለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ካቦው ደነገጠ። በማግስቱ ነርሷን ትኩር ብሎ ሲያያት ዓይኖቿ ቁርጥ የዚያች ልጅ ሆኑበት።

«ልትመርዘኝ ነው!» አላት አስታማሚዋን።

«እኔ ምን አውቄ አባባ። ብቻ መድኃኒቱን ፎጣው ላይ ይትፉት፤ እኔ እጥልልዎታለሁ።»

ጠብታውንም ሽሮፑንም ተፋ። ማስመለሱ ባሰበት፤ ሆዱም ተነፍቶ ጠጠረ።

«አፌ ውስጥ የቀረችው እንኳ ይኸው ጉድ ሠራችኝ!» አለ። ጥርሱን ነክሶ ማለ፤ ሳይሞት ሊበቀላት።

ለቤቱ ኃላፊ አለቀሰ፣ ከሰሰ፣ ያላየውን አየሁ አለ። ውሸት ድሮም አይቸግረውም። ነርሷ ወደ ክፍሉ እንዳትገባ ተከለከለች፤ መድኃኒቱን አስታማሚዋ እንድትሰጠው ታዘዘ። ነርሷ እንባዋን እየጠረገች ስትሄድ በመስኮት አይቶ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«አየሻት? አበሳዋን አሳየኋት!» አለ እያቃሰተ። «በይ አሁን ጠብታዋንም ሽሮፑንም አምጪልኝ፤ ካንቺ እጅ እጠጣለሁ። ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

አስታማሚዋ በሩን ዘጋች። ሁለቱንም ብልቃጥ ኪሷ ከተተች፤ በግራ እጇም ጠባሳውን ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው።

«ድንጋዩ ትንሽ ነበር አባባ፤ እጄም ገና የልጅ እጅ ነበር።»