ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

ዘፋኙ ቡታጅራ ከተማ፣ አንድ ካሴት ቤት ውስጥ ቆሞ የአዲሱን ካሴት ሽፋን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከሁለት ዓመት በፊት ቡኢ ከተማ ላይ የተሳፈረበት መኪና ተበላሽቶ ሲጠብቅ ራሱ የገጠመው፣ ራሱ አስቀርጾ በየገበያው እየዞረ የሸጠው ዘፈን ነበር። አሁን አንዲት የአዲስ አበባ ዘፋኝ ዘፍናዋለች። እሱ ሲቀረጽ ተሳስቶ «ቡኢ» በማለት ፈንታ የሌላ ከተማ ስም ጠርቶ «አገና» ብሎ ነበር፤ ስህተቱንም ጭምር ወስዳዋለች። ሽፋኑ ላይ ግን «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

«ስሜ የታለ?» አለ።

ባለሱቁ ኢስሀቅ ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ አንተስ ሕዝብ አይደለህ?»

«ሕዝብ መኪና ሲበላሽበት ይራገማል እንጂ ግጥም አይገጥምም!»

አንዲት የመስቃን ባልቴት ባንኮኒውን ተደግፈው ዘፈኑን ከሚያጫውተው ቴፕ ጋር ያንጎራጉሩ ነበር። ምስክር ሊያደርጋቸው ዞረ። «እማማ፣ ይህን ዘፈን ማን እንዳወጣው ያውቃሉ?»

«እናቴ በዚህ ነው ያሳደገችኝ» አሉ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «በጃንሆይ ጊዜ ሞተችብኝ፣ አላህ ይዘንላት። ዛሬ ድምጿን የሰማሁ መሰለኝ።»

ኢስሀቅ ሳቁን አቁሞ ምን እንደሚል ጠበቀ።

«እናትዎ» አለ ዘፋኙ ቀስ ብሎ፣ «አሳምረው ይዘፍኑት ነበር?»