አራት ቀን በኮፐንሃገን

«ቤተ መንግሥቱን ንጉሡ ይየው» ትላለች ሀብትነሽ። «እኔ ለእሱ አይደለም የምመጣ። እንደዚያ በይልኝ።»

መምህርት እስከዳር ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ፔርሙዙን ተደግፎ ወደቆመው ስልክ ጎንበስ ትልና በእንግሊዝኛ ታስተላልፋለች፤ ቃሉን ትንሽ ሳታለዝበው አልቀረችም። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ግንባሯን ትቋጥራለች። አቋጣጠሯ የአባቷ ነው።

ሀብትነሽ የበርበሬ ለቀማዋን ጥላ፣ ኔትወርኩ ይሻላል ብላ ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም እስከዳር ቤት ድረስ የመጣችው ይህን ፊት ለማየት ነው። ልጇ ያምሮት ያደገችው ኮፐንሃገን ነው፤ እዚያ ኢዳ ይሏታል። ባል ሞቶ፣ ጡት ደርቆ ለማደጎ ስትሰጣት ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ነበረች። አምና ልጅቱ ራሷ አፈላልጋ አገኘቻት፤ ከዚያ ወዲህ የሁለቱም አፍ እስከዳር ናት። አሁን ቪዛው ወጥቷል። ከገና በኋላ ያምሮት ከትምህርት የምታርፍባቸው አራት ቀናት አሉ፤ የቀረው ቀናቱ በምን ይለፉ የሚለው ነው።

ያምሮት ሁሉንም አስባበታለች። ሐሙስ አቀባበል፣ ዓርብ ጀልባ፣ ቅዳሜ መብራት የተንቆጠቆጠበት መናፈሻ፣ እሑድ ቤተ መንግሥት።

«እታለም፣ ለምን ለሐምሌ አይሆንም?» ይላል በሩ አጠገብ የተቀመጠው የሀብትነሽ ታናሽ ወንድም ገነነ። «በጥር እዚያ አገር በረዶ ነው አሉ። ፀሐይዋም አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።»

«በሐምሌ ዳጉሳውን ማን ያርምልኛል፣ አንተ? ደግሞ ግሽ ዓባይ ጸበል ሄጄ በዚያ ሁሉ ውርጭ ሜዳ ላይ አድሬ የለ? ብርድ ነው የሚመልሰኝ?»

«በረዶው ያንሸራትታል እኮ። ሰው ይወድቃል።»

«ከወደቅሁ ልጄ ታነሣኛለች።»

ያምሮት የተባለውን ከፊታቸው ልታነብ ትሞክራለች፤ ቆይታም አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«ታዲያ ምን ማየት ይፈልጋሉ? ነው የምትልዎ» ትላለች እስከዳር።

ሀብትነሽ ነጠላዋን ታስተካክላለች። መኪና ውስጥ ስታስበው የመጣችው ነገር ነው።

«እኔ ስሰጣት መቆም አልጀመረችም ነበር። መጀመሪያ የቆመችበትን ቦታ ማየት ነው የምፈልግ። ትምህርት ቤት የሄደችበትን መንገድ፣ ወድቃ ጉልበቷ የተላጠበትን። ጀልባው ይቅር።»

እስከዳር ትተረጉማለች። ያምሮት ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጎን ትመለከታለች፤ መልሷም ቀስ ያለ ነው።

«አላስታውሰውም ነው የምትለው። የሚያውቁት ያሳደጓት እናቷ ናቸው። እሳቸው ግን… እርስዎ በሚሄዱበት ሰሞን እኅታቸው ዘንድ ሊቆዩ አስበዋል። ፈርተዋል።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ሀብትነሽ በርበሬ ሲለበልባቸው የሰነበቱ እጆቿን ትመለከታለች። በእነዚህ እጆች ዓይን አይታበስም፤ ስለዚህ አታለቅስም። ይህችን ሴት በልቧ ስንት ጊዜ ጠልታታለች። ስንት ጊዜስ ስሟን እንኳ ሳታውቅ ቅዳሴ ላይ ጸልያላታለች።

«እንዲህ በይልኝ» ትላለች። «ልወቅሳቸው አይደለም የምመጣ። ልወስድባቸውም አይደለም። እኔ የማላውቀውን እሳቸው ያውቃሉ። እሳቸው የማያውቁትን ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ የተወለደች ለት ዝናቡ እንዴት እንደነበር፣ ስሟን ማን እንዳወጣላት። ከአራቱ ቀን አንዱን አብሬያቸው ልቀመጥ። ቢኖሩም እመጣለሁ፣ ቢሄዱም እመጣለሁ፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ።»

ይህኛውን እስከዳር አታለዝበውም።

ያምሮት ዞራ እስከዳርም በማትሰማው ቋንቋ አንድ ነገር ትናገራለች። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሴትዮዋ እስካሁን እዚያው ነበሩ ማለት ነው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው የሰቀሉ፣ ዓይናቸው የቀላ ሴት ስልኩ ውስጥ ይገባሉ። ሀብትነሽ ብድግ ብላ እጅ ትነሣለች። ገነነም ይነሣል።

ሴትዮዋ ስልኩን ከያምሮት ይቀበሉና ይሄዳሉ። ስልኩ ላይ ቤቱ ይወዛወዛል፤ የተሰቀለ ካፖርት፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ መስኮት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ወለሉ ይንበረከካሉ። ወለሉን በጣታቸው እያመለከቱ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ።

«መጀመሪያ የቆመችው እዚህ ጋ ነው እያሉ…» ስትል እስከዳር፣ ሀብትነሽ ስልኩን በመዳፏ ትከድነዋለች።

«አይ፣ አያሳዩኝ» ትላለች። «መጥቼ ነው የማየው። ዓርብን ለዚያ ያዙልኝ።»

እስከዳር ትተረጉማለች። የዚያ ቤት ብርሃን በሀብትነሽ ጣቶች መሐል ያጮልቃል፤ እጇን አታነሣም። ከመዳፏ ሥር ሴትዮዋ የሀብትነሽን ቃል በአማርኛ እየተሰናከሉ ሲደግሙት ይሰማል፤ «አርብ… አርብ።»