የጎደለችው አምፖል

ኮሮና ቤት ሲያውለው የአባቱን ባለአምፖል ሬዲዮ ከቁም ሳጥን አናት አውርዶ መጠገን ያዘ። በደርግ ጊዜ አባቱ የተከለከለ ጣቢያ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ሬዲዮው ተበላሽቷል ለማለት፣ አንዷን አምፖል ነቅሎ ከሚስቱ ነጠላ በተቀደደ አረንጓዴ ጥለት ጠቅልሎ ይደብቃት ነበር። ሰው ጠቆመበት። ሊይዙት የመጡት ሰዎች በቀጥታ ከመደበቂያዋ አውጥተው ከነጥለቷ ለማስረጃ ወሰዷት። አባቱም አምፖሏም በዚያው ቀሩ።

አሁን ሬዲዮው የጎደለው እሷን ብቻ ነው። በዚህ በሽታ መርካቶ ማን ይወጣል?

«ጋሼ፣ አንዲት አምፖል አጣሁ» አላቸው በአጥር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ላሳደጉት የአባቱ ጓደኛ፣ ለጋሽ ዘርጋው።

ሰሞኑን መርሳት የጀመራቸው ሽማግሌው «ለአንተ ያልሆነ ዕቃ!» ብለው ገቡና፣ ትንሽ ጥቅል ይዘው ወጥተው በአጥሩ አቀበሉት።

ፈታው። ጥለቱ ደብዝዟል እንጂ አረንጓዴነቱን አለቀቀም።

«ልክ ናት፣ ልጄ?» አሉት ከማዶ።