የወንድሙ ሙሾ

ታናሽ ወንድሙ የሞተ ጊዜ እናቱ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች። እሱ ዜማውን ወሰደና ፍጥነት ጨመረበት፣ ጊታርና ከበሮ አስገባበት፣ የፍቅር ግጥም አለበሰው። አገር ጉድ እስኪል ተጨፈረበት። ሰርግ ያለዚያ ዘፈን አልደምቅ አለ። እሱም ስሙ ገነነ፣ አውሮፓ ተመላለሰ።

እናቱ ዘፈኑን የሰማችው ታክሲ ውስጥ ነበር። «ወራጅ አለ!» ብላ መንገድ ላይ እንደ ወረደች አክስቱ አስካለ ነግራዋለች። እናቱ ግን አንድም ቀን አላነሳችበትም። እሱም አልጠየቃትም።

ዛሬ እሷን ቀበሩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ያንኑ ሙሾ ጀመረች። እሱ ጥቁር መነጽሩን እያስተካከለ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ እባክሽ ሌላ አውጪ።»

«ከእሷ የተማርኩት ይኸን ብቻ ነው» አለችውና ቀጠለች።

ወጣቶቹ ዜማውን ለይተው ያጨበጭቡ ይሆን ብሎ በፍርሃት ዞረ። ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ትንሽ ቀለል አለውና ተቀመጠ።

አጠገቡ የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ ትከሻውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አይዞህ ልጄ፣ አልቅስ፤ ይውጣልህ» አሉት፣ የራሳቸው እንባ እየወረደ።

ጣቱን ከመነጽሩ ስር ሰደደ። ዓይኑ ደረቅ ነው። ትከሻው ግን፣ መድረክ ላይ እንደለመደው፣ በሽማግሌው መዳፍ ስር እስክስታ ይመታል።