ትንንሾቹ ስፒከሮች

ትልልቆቹን ስፒከሮች በሰማ ቁጥር ያንገሸግሸዋል። በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በሚሳሳላት ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ላይ ተገጥመው፣ የሟች አባቱን በገና እንደ ኮርማ ያስጓሩታል። የአባቱ ድምፅ ለእሱ፣ ለአንድያ ልጁ፣ የቀረለት ደግሞ ድሮ ቤታቸው ውስጥ በተቀዳች በአንዲት ካሴት ብቻ ነው።

«ኤዲያ! መዝሙሩን አገሙት!»

«አንተ ደግሞ፣ ድምፅም እንደ ሻገተ ወጥ ቋቅ ይልሃል?» አለች ሚስቱ እየሳቀች።

አምፕሊፋየሯ ጉልበት የላትምና፣ አቅሟን የሚመጥኑ ትንንሽ ስፒከሮች ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ አገኘላት። ገጠማቸውና አማትቦ ተቀመጠ።

በገናው ጠራ። የአባቱ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ከትንፋሹም ኋላ፣ እስከዛሬ ተሰምቶ የማያውቅ የጎረምሳ ድምፅ፦

«ኧረ አባባ፣ ይበቃል! ይሄ ማላዘንህ አንገሸገሸኝ እኮ!»

«ማነው ይሄ ባለጌ?» አለች ሚስቱ።

ተነስቶ ትልልቆቹን ስፒከሮች መልሶ ገጠማቸው።