የካትሱኑማውን ወይን ማን ተከለው?

ፉሳኤ ካትሱኑማ ከተባለችው የጃፓን የወይን አገር ፍል ውሃ ወጥታ ጸጉሯ እንኳ ሳይደርቅ ነበር ከጎረቤቶቿ ጋር ወይን ጠጅ ልትቀምስ ወንድሟ ቤት የገባችው። የወንድሟ ልጅ ለእንግዶቹ እየቀዳ፣ «ወይኑን አባቴ ብቻውን ነው የተከለው» ሲል ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው።

«ብቻውን? አባትህ ቶኪዮ ሲዝናና የማሳውን ድንጋይ የለቀምኩት በነዚህ ጣቶች ነው!»

«አክስቴ፣ እባክሽ፣ በእንግዳ ፊት...»

«የዋሸኸውስ በእንግዳ ፊት አይደል?»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ወንድሟ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጠርሙሱን አንስቶ የራሱ ስም የታተመበትን ወረቀት በጥፍሩ ፋቀው። «እውነቷን ነው፤ የተከለችው እሷ ናት» አለ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፉሳኤ ግን ይብሱን ደሟ ፈላ። ወንድሟን ትክ ብላ አየችውና፣ «አባባ መሬቱን ላንተ ብቻ ሲያወርስ አፍህን ምን ለጎመው?» አለችው።